ያገለገለ የልጅ የመኪና ወንበር ታሪኩ ሳይጠየቅ ዋጋው አይቆረጥ

መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ኮፈን ያስከፍታል፤ ጎንበስ ብሎ ሻንሲ ያያል፤ ቀለሙን እያንኳኳ «ተጋጭቷል ወይ?» ሲል ደላላውን ያፋጥጣል። ይኸው ሰው ለልጁ ያገለገለ የመኪና ወንበር፣ ብዙዎች «ካር ሲት» የሚሉትን፣ ሲገዛ ግን የሚያየው ጨርቁን ብቻ ነው። ታጥቦ ከጸዳ ይበቃዋል። ለመሆኑ ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው የትኛው ነው?

«ከወንበር የእናት እቅፍ ይሻላል» የሚል ወላጅ ጥቂት አይደለም። ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ተጋጭቶ ግማሽ ሜትር ያህል ተጨራምቶ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ወደፊት የሚወረወርበት ኃይል ወደ 200 ኪሎ ክብደት ይጠጋል። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚያስረዳው፣ በትክክል የታሰረ ወንበር ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሞት አደጋን በ71 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉት በ54 በመቶ ይቀንሳል።

ገበያውን ያሰፋው ሕግ ነው። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት የመጀመሪያውን አስገዳጅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1978 ሥራ ላይ አዋለች፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1985 ድረስ 50ዎቹም ግዛቶች ተከተሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2000 ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግዴታ አደረገች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም እ.ኤ.አ. በ2017 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ደነገገች፤ ቅጣቱንም 400 ድርሃም አለች። ልጅ ያድጋል፤ ወንበሩ ይጠበዋል፤ ይተርፋል። ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ ለዘመድ የሚላከው፣ አልፎም ለሽያጭ የሚቀርበው ይህ ትርፍ ነው።

ገዥው ምን ይጠይቅ?

አንደኛ፣ ግጭት። ከባድ አደጋ ያየ ወንበር ፕላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቆ፣ ቀበቶው ተለጥጦ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ አይታይም። ሻጩ ታሪኩን ካላወቀ መተው ነው።

ሁለተኛ፣ ቀን። የተመረተበት ቀን ከጀርባው ወይም ከሥሩ ተጽፏል። በአሜሪካ የተሸጠ ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት የአገልግሎት ዘመን አለው። መለያው የተላጠ ወንበር የልደት ካርዱን እንደጣለ ይቆጠር።

ሦስተኛ፣ ደረጃ። በአውሮፓ የተፈቀደ ወንበር ብርቱካንማ መለያ አለው፤ ቁጥሩ 44 ወይም 129 ነው። በአውሮፓ ኅብረት ቁጥር 44 አዲስ ወንበር መሸጥ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ቆሟል። ዕቃው በአንድ ቀን ዋጋ ቢስ ሆነ ማለት ሳይሆን፣ 129 የጎን ግጭት ፈተናን ስለሚጨምር ነው። እንግዲህ «አዲስ ነው፣ በርካሽ ውሰዱ» የሚል ሲመጣ ነጋዴው ቁጥሩን አይቶ ይግዛ።

አራተኛ፣ ከመኪናው ጋር መስማማቱ። በአሜሪካ መኪኖች ቀበቶው ወንበሩን ቆልፎ እንዲይዝ ሆኖ ይሠራል። ለሌላ ገበያ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ግን ቀበቶው የሚይዘው ድንገት ሲጎተት ብቻ ነው፤ ወንበሩ የራሱ መቆለፊያ ከሌለው ይላላል። ስለዚህ ሳይከፈል ይሞከር፤ ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ተይዞ ሲወዘወዝ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም።

ከተገዛ በኋላም ጥንቃቄው አያበቃም። ሕፃን የወንበሩ የክብደትና የቁመት ልክ እስኪሞላ ድረስ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጡ ይመረጣል። እንዲህ የዞረ ወንበር ኤርባጉ በሚሠራ ጋቢና ፈጽሞ አይታሰርም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው ወንበሩን ነውና።

ለነጋዴውም ምክር አለን። የተመረተበትን ቀንና «ግጭት አላየም» የሚለውን ቃል ደረሰኙ ላይ የሚጽፍ ሻጭ፣ ከጎረቤቱ ከፍ ባለ ዋጋ ቢሸጥ የሚከፍለው አያጣም። ይህን ለመጻፍ እጁ የሚንቀጠቀጥ ደግሞ ዕቃውን ከመደርደሪያው ያውርድ። ላሜራ ቢጎዳ ጋራዥ አለ። ልጅ ግን መለዋወጫ የለውም።