ጭንቀት ሆድ ሲያውክ፦ ተረትና እውነታ

በናይሮቢ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው ኢምባካሲ እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 988,808 ነዋሪ ተመዝግቦበታል። የጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው እዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲከፈት ስሙም የኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ፓይፕላይን የሚባል ሰፈር አለ፤ ፎቁ እርስ በርስ ተጠጋግቶ የተሠራበት፣ ቤተሰብ በአንዲት ክፍል የሚያድርበት፣ አንዱን መጸዳጃ ቤት ብዙ ተከራይ የሚጋራበት ሰፈር ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ማሪዮ ሽሚት እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከገጠር መጥተው ፓይፕላይን የሚኖሩ ወንዶች «ፕሬሸር» የሚሉትን ጫና ጽፎታል። ኪራይ አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ ገንዘብ ይልክልናል ብሎ የሚጠብቅ ዘመድ አለ።

ጫና ከበዛ ሆድ ላይ ይወጣል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሊወጣ ሲል የሚያስቀምጠው፣ የኪራይ ቀን ሲቃረብ እህል የሚያስጠላው፣ ማታቱ የሚባለው የከተማ ሚኒባስ መንገድ ተዘግቶበት ሲቆም ሰገራ የሚያጣድፈው ሰው ጥቂት አይደለም። መርካቶም ባሕር ዳርም ያው ነው። የሚያሳዝነው፣ በዚህ ሕመም ዙሪያ የተከማቹት እምነቶች ከሕመሙ ባልተናነሰ ሰውን ማንገላታታቸው ነው።

የመጀመሪያው «ጭንቀት ጨጓራን ያቆስላል» የሚለው ነው። ናይሮቢ ውስጥ ከደረቱ ሥር ያቃጠለው ሁሉ «አልሰርስ አለብኝ» ይላል፤ አዲስ አበባ ደግሞ «ጨጓራ አለብኝ» ይባላል። ሐኪሞችም ራሳቸው ለብዙ ዘመን ቁስሉን የጭንቀትና የአሲድ ውጤት አድርገው ያዩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ከሕሙማን ጨጓራ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ማሳደግ ቻሉ። የሚያምናቸው ጠፋ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥ አቅለሸለሸው፣ አስታወከው፣ ሲመረመርም የጨጓራው ግድግዳ ተቆጥቶ ተገኘ። በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ዛሬ የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስል ዋና መንስኤዎች ሁለት እንደሆኑ ይታወቃል፤ አንዱ ይህ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ሌላው እንደ ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ጭንቀት ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ ቃለ መጠይቅ ፈርቶ ሆዱ የታወከ ሰው ግን ቆስሏል ማለት አይደለም። ስሙ ሲሳሳት ሁለት ሰው ይጎዳል። ቁስል የሌለበት ሰው ለዓመታት የአሲድ መድኃኒት ሲውጥ ይኖራል። ባክቴሪያው ያለበት ደግሞ «አትጨነቅ» ተብሎ ይሸኛል፤ እርሱ ግን ለተወሰኑ ቀናት በሚወሰዱ ፀረ ባክቴሪያዎችና በአሲድ መቀነሻ የሚድን ነበር። ባክቴሪያውን ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ይሸከመዋል፤ አብዛኛው ሰው አይቆስልም። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት መያዝ ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አያረጋግጥም።

ሌላው ጎጂ እምነት «ምርመራው ምንም ካላሳየ ሕመሙ የለም» የሚለው ነው። ቤተሰብም፣ የሥራ አለቃም፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን የለበሰው ይለዋል። ውሸት ነው። ከጉሮሮ እስከ መቀመጫ ባለው የምግብ መንገድ ግድግዳ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ከአንጎል ጋር የሚያገናኛቸው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ክሮቹ መልእክት የሚወስዱት ከሆድ ወደ ላይ ነው። ሆድ ለአንጎል ይነግረዋል፤ አንጎልም ይመልስለታል።

ይህን ከ200 ዓመት ገደማ በፊት በዓይኑ ያየ ሐኪም አለ። እ.ኤ.አ. በ1822 አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት አሜሪካ ውስጥ ማኪናክ ደሴት ላይ በጥይት ተመቶ ዳነ፤ ጨጓራው ላይ የተከፈተው ቀዳዳ ግን አልገጠመም። ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት በዚያ ቀዳዳ የምግብ መፈጨትን ለዓመታት ተከታትሎ በ1833 አሳተመ፤ ሰውዬው ሲቆጣ የጨጓራው ሁኔታ እንደሚለወጥም መዘገበ። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዋልተር ካነን ድመቶችን በራጅ ሲመለከት፣ እንስሳቱ ሲረበሹ የጨጓራቸው እንቅስቃሴ ቀጥ ሲል አየ።

ሰውነት ይህን የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2024 ሌሊት ኢምባካሲ ምራዲ በተባለው ቦታ ጋዝ የጫነ መኪና ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይ ቆሰሉ። ለእንዲህ ያለ ሌሊት ደም ከሆድ ወደ እግር መዞር አለበት። ምግብ መፍጨት ይቆያል፣ ሩጫ ይቀድማል። አንጎል የሚለቀው የጭንቀት መልእክት ጨጓራን ያዘገያል፣ ትልቁን አንጀት ግን ያፈጥነዋል፤ ማቅለሽለሹና ተቅማጡ አብረው የሚመጡት ለዚህ ነው። ችግሩ ይኸው ሥርዓት ኪራይ ለጠየቀ አከራይም መነሣቱ ነው። ደጋግሞ ሲነሣ የአንጀት ነርቮች ስሜታቸው ይሳላል፤ ሌላው የማያውቀውን ተራ ጋዝ ይህ ሰው እንደ ቁርጠት ያመዋል። በ2021 ውጤቱ የታተመ 33 አገሮችን ያካተተ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተጠየቁ አዋቂዎች 40 በመቶ፣ ቤት ለቤት ከተጠየቁት ደግሞ 21 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቁስል ወይም ሌላ ጉዳት ሳይታይ ሥራው የሚዛባ የምግብ መፍጫ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል።

«ታይፎይድ ነው» የሚለውም በናይሮቢ ክሊኒኮችም ሆነ በአዲስ አበባ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራ ከ1896 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ቀድሞ የያዘ በሽታ ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ታይፎይድ የማይለቅ ትኩሳት አለው። ፈተና ሲደርስ መጥቶ ቅዳሜ የሚጠፋ ተቅማጥ ያን አይመስልም። ያለ ምክንያት የተወሰደ ፀረ ባክቴሪያ ደግሞ አንጀትን ራሱን ያውካል።

ስለ ምግብ የሚባለው አጭር መልስ ይበቃዋል። ወተት ለጥቂት ጊዜ ያበርዳል፣ ኋላ ግን አሲዱን መልሶ ያስነሣዋል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ የወተት ስኳር የማይስማማው፣ ጠጥቶ የሚነፋና የሚያስቀምጠው ሰው ብዙ ነው። በርበሬ ቁስል አያመጣም፤ የተቆጣ ሆድን ግን ያቃጥላል። ቡና አንጀትን ያነቃል፣ የልብ ምትና ጭንቀትንም ይጨምራል። ጫት የምግብን ከጨጓራ መውጣት ያዘገያል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ለማረጋጋት ተብሎ የሚያዝ አይደለም።

«ከጉዞ በፊት ምንም ካልተበላ ሆዱ ያርፋል» የሚሉም ብዙ ናቸው። ከኢምባካሲ ወደ መሀል ከተማ ማታቱ የሚሳፈር ሰው ጠዋት አይበላም፣ ውኃ አይጠጣም፣ ሦስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ይመላለሳል፤ ቀስ በቀስም ጉዞውን መሸሽ ይጀምራል። ባዶ ሆድ ግን ማቅለሽለሹን ሊያባብሰው ይችላል። መሸሽ ደግሞ ፍርሃቱን ያሳድገዋል፤ አንጎል «መንገዱ በእውነት አደገኛ ነበር» ብሎ ይማራል። የሚረዳው ተቃራኒው ነው። ጥቂት ቀለል ያለ ምግብ በልቶ፣ መጀመሪያ ሁለት ፌርማታ፣ በሌላ ቀን አራት መሄድ፣ ስሜቱ ሲነሣ ሳይወርዱ እስኪበርድ መቆየት። አተነፋፈስም ያግዛል፤ ሆድን ሞልቶ በዝግታ መሳብ፣ ከሳቡበት ጊዜ አስረዝሞ ማውጣት፣ ይህንንም ለጥቂት ደቂቃ መደጋገም። ልምምዱ ሰው ደኅና በሆነበት ሰዓት ቢጀመር በጭንቅ ሰዓት ይቀላል።

ከጭንቀት ጋር የተያያዘው የሆድ ሕመም ሕክምናም አለው። የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ለዚህ ሕመም እንደሚረዳ በጥናት የተረጋገጠ ነው። በዝቅተኛ መጠን የሚታዘዙ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች የአንጀትን የሕመም ስሜት ያለዝባሉ፤ ሰውየው «አብዷል» ተብሎ ሳይሆን ነርቩ ያው ነርቭ ስለሆነ ነው። አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ተደርጎ የተዘጋጀ የናና ዘይት ቁርጠትን ይቀንሳል፤ ቃር ያለበትን ሰው ግን ሊያባብስበት ይችላል።

ሁሉንም ለጭንቀት መስጠት ግን ከስህተቶች ሁሉ አደገኛው ነው። በኬንያ ቦሜት አካባቢ፣ በኢትዮጵያም በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ ምግብ ሲውጡ የመያዝ ስሜት እየጨመረ ከሄደ «ፕሬሸር ነው» ብሎ መተው አይገባም። ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ሰገራ ወይም ደም፣ ሳያስቡት መክሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ የጀመረ የሆድ ለውጥ ሁሉ ፈጣን ምርመራ ይፈልጋሉ። ማማ ሉሲ ኪባኪን ወደመሳሰሉ የኢምባካሲ አካባቢ የመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሄድ ሰው ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ከምን ጋር እንደሚመጣ፣ የትኛውን ማስታገሻ ስንት ጊዜ እንደወሰደ፣ ክብደቱ ቀንሶ እንደሆነ ጽፎ ቢይዝ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። የሚያስጨንቀውን ጉዳይም፣ ኪራዩንም ሆነ ሥራ ማጣቱን፣ ሳያፍር አብሮ ይናገር።