ምጣድ፣ ገመድና የፓይ ዋጋ፤ የሒሳብ ቀን በደብረ ማርቆስ ቤት

የሒሳብ በዓል ሲባል ለብዙዎቻችን ፈጥኖ የሚታየን ጥቁር ሰሌዳና የጥያቄና መልስ ውድድር ነው። ዩኔስኮ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ባካሄደው 40ኛ ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው መጋቢት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዋዜማው የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተገለጸ፤ መጋቢት 7 ቀን ደግሞ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በዓሉ በተወለደ በሁለተኛው ቀን ተማሪዎች ከነደብተራቸው ቤት ዋሉ ማለት ነው። ዕለቱን በቤት ውስጥ፣ ከቤተሰብ ጋር ማክበር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ የመጣብንም ያኔ ነው።

ቀኑ የተመረጠው አሜሪካውያን ወርን አስቀድመው ማርች 14ን 3/14 ብለው ስለሚጽፉ ነው። 3.14 የማንኛውም ክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ፓይ የምንለው፣ የመጀመሪያ አኃዞች ናቸው። ልማዱን በ1980 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ኤክስፕሎራቶሪየም የሳይንስ ሙዚየም የጀመረው ላሪ ሾው የተባለ የፊዚክስ ባለሙያ ነው። በዚያ አገር ቤተሰቦች ዕለቱን የሚያከብሩት ስሙ በእንግሊዝኛ ከፓይ ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ያለውን ክብ መጋገሪያ በመቁረስ ነው። ይህ ለደብረ ማርቆስ አይሆንም። መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ቢሆንም ምንጊዜም በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ በባሕረ ሐሳብ ቀመር ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ዘግይቶ አይገባምና። ቅቤና እንቁላል ያለበት መጋገሪያ በዚህ ቀን ከቤታችን አይገኝም። ምጣድ ግን አለ።

እኛም በቤታችን ሦስት ክብ ነገሮችን መረጥን፦ ምጣድ፣ ሰፌድና የቡና ሲኒ። መሣሪያችን አንድ ገመድና የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነበር። ገመዱን በዙሪያው ጠምጥመን ርዝመቱን ለካን፤ ከዚያም በመካከል አሳልፈን ዲያሜትሩን ለካን። ምጣዱ ዙሪያው 186.5 ሳንቲ ሜትር፣ ዲያሜትሩ 59 ሆነ፤ ሲካፈል 3.16። ሰፌዱ 158.5 ለ50፣ ማለትም 3.17። ሲኒው 21.4 ለ6.5፣ ይኸውም 3.29 ሆኖ ተገኘ።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃችን ውጤቱን አየችና ፊቷ ጠቆረ። «ሁሉም ይበልጣሉ፤ ዝም ብለን 3.14 ብለን እንጻፈውና ይብቃን» አለች። ይህ ንግግር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ሙከራ ከመጽሐፉ መልስ ተነሥቶ የልኬት ሠንጠረዡን ወደ ኋላ የሚሞላ ተማሪ እናውቃለን፤ በተማሪነታችን ዘመን እኛም ከዚህ ንጹሕ አልነበርንም። ልጅቱ የታዘበችው ነገር ግን ትልቅ ነው። ስሕተቱ ድንገተኛ ቢሆን ኖሮ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ባለ ነበር። ሦስቱም በአንድ ወገን ከሳቱ ምክንያት አለው።

ምክንያቱን ያገኙት ትምህርት ቤት ያልገቡት፣ ጥግ ይዘው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት አያቷ ናቸው። «ገመዱ ራሱ ወፍራም አይደል፣ ልጄ?» አሉ። እውነት ነው። ገመድ ክብን ሲከብ ርዝመቱ የሚቆጠረው በውፍረቱ መካከል ስለሆነ፣ የሚለካው ክብ ዲያሜትር በገመዱ ውፍረት ያህል ይጨምራል። ገመዳችን 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስለነበረው፣ በዙሪያው ላይ የሚጨምረው 3 ጊዜ 3.14፣ ማለትም ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚያስገርመው ይህ ትርፍ ለምጣድም ለሲኒም እኩል መሆኑ ነው። ከምጣዱ 186 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አንዷ ሳንቲ ሜትር ትጠፋለች፤ ከሲኒው 21 ውስጥ ግን ጎልታ ትታያለች።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። ዲያሜትር በክብ ውስጥ ከሚሰመሩ ቀጥታ መስመሮች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ገመዱ ከመካከሉ ትንሽ ከሳተ የምናገኘው አጭር እንጂ ረጅም ሊሆን አይችልም። አካፋዩ ሲያንስ ውጤቱ ያድጋል። ስለዚህ ልኬቱን አሥር ጊዜ ደጋግሞ አማካይ መውሰድ እንዲህ ያለውን ስሕተት አያጠፋውም። መፍትሔው የገመዱን አንድ ጫፍ በጠርዙ ላይ ይዞ ሌላውን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ረጅሙን መፈለግ፣ ገመዱንም በቀጭን የስፌት ክር መለወጥ ነው። እንዲህ ስናደርግ ምጣዱ 185.5 ለ59፣ ማለትም 3.144 ሰጠን፤ ሲኒውም ወደ 3.15 ወረደ። ልጅቱ የቀድሞዎቹን ቁጥሮች ሳትሰርዝ አዲሶቹን ከጎናቸው ጻፈች።

በነገራችን ላይ በእኛ አጻጻፍ መጋቢት 5 ቀን 5/7 ስለሆነ ከፓይ ጋር ዝምድና የለውም። ከ17 ቀን በኋላ የሚመጣው መጋቢት 22 ግን 22/7 ነው! ይህን ክፍልፋይ አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ምእተ ዓመት፣ 96 ጎን ባላቸው ቅርጾች ክብን ከውስጥም ከውጭም በማጠር፣ ፓይ ሊያልፈው የማይችል ወሰን መሆኑን አረጋግጧል። 22/7 ከፓይ የሚበልጠው በ0.0013 ያህል ሲሆን 3.14 ግን በ0.0016 ያህል ያንሳል። የእኛው ቀን ከፈረንጆቹ ይልቅ ለፓይ ይቀርባል ብንል አልዋሸንም።

በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን ተራው የግቢያችን ወይራ ሆነ። የቆመን ዛፍ ዲያሜትር ለማወቅ ግንዱን መቁረጥ አያስፈልግም፤ ዙሪያውን ለክቶ በ7 ማባዛትና ለ22 ማካፈል ይበቃል። ልጃችን ክሯን ጠምጥማ 110 ሳንቲ ሜትር አገኘች፤ ሒሳቡንም በጣቷ መሬት ላይ ሠርታ «35» አለች። አያቷ እንዝርታቸውን እንደያዙ ወደ ዛፉ ተመለከቱና «ከነቅርፊቱ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።