የተበየደ የመሪ ዕቃ ይዛችሁ አባይ በረሃ አትውረዱ

ዛሬ ጠዋት ቃሊቲ ያለው ጋራዣችን ከገባ አንድ ሲኖትራክ ሥር ያየሁት ነገር እስካሁን ደሜን እያፈላው ነው። ሥራ አቁሜ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካለ ይቅርታ።

መኪናው የመጣው ለመሪ አልነበረም። የፊት ጎማው በአንድ ወገን እየተበላ ስላስቸገረ አላይመንት እንዲሠራለት ነው። ጭቃውንና ያረጀውን ግሪስ ጠርጌ ሳየው የታይሮዱ የግራ ጫፍ፣ ኳሱ የሚቀመጥበት ኩባያ፣ ዙሪያውን ተበይዷል። በላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ መብራት ሳስጠጋበት ከብየዳው ጠርዝ የተነሳ ቀጭን ስንጥቅ ወደ አንገቱ ሲሄድ ታየኝ። መኪናው በማግስቱ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ጎጃም ሊወጣ ነበር።

"ጋሼ፣ ይህን ማን ሠራልዎት?" አልኳቸው ሹፌሩን።

"ቶርኖ ቤት ነው ልጄ። ውስጡ ብረት አስገብተንበታል፣ ከአዲሱ ይበልጣል አሉኝ።"

እሳቸው ላይ አልፈርድም፤ የነገሯቸውን አመኑ። የምናደደው "ከአዲሱ ይበልጣል" በሚለው ሰው ነው። ሰሞኑን ደግሞ በየሾፌሮቹ ግሩፕ ያለቀ ቦል ጆይንት ቆርጦ፣ ሞልቶ፣ በይዶ "አዲስ" የሚያደርግ ቪዲዮ እየተዘዋወረ ነው። ሰው እያመሰገነ ሼር ያደርገዋል። ስለዚህ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ክሪክ፣ ካቫሌቶ፣ ታኮ የሚባለውን አልደግመውም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ይህን ጽሑፍ ከማንበቡ በፊት ሌላ ሥራ ይፈልግ።

1. የታይሮድና የድራግ ሊንክ ፍተሻ የሚደረገው ጎማው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ክብደቱን ተሸክሞ፣ ሞተሩ ተነስቶ ነው። አንድ ሰው ካቢን ውስጥ ሆኖ መሪውን ግራ ቀኝ አጠር አጠር አድርጎ ያወዛውዛል፤ ሌላው ሥር ሆኖ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በዓይኑም በመዳፉም ይከታተላል። ጎማውን አንስታችሁ ካያችሁት ጭነቱ ስለሌለበት ልልነቱ ሊደበቅ ይችላል። ኃይድሮሊክ መሪ ደግሞ ሹፌሩን ያታልላል። ፓምፑ ስለሚያግዘው ዕቃው እያለቀ እጁ ላይ አይሰማውም። ስለዚህ "መሪዬ ቀላል ነው፣ ምንም የለውም" ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ስንት ልልነት ነው የሚፈቀደው ለምትሉ፣ በመጀመሪያ የመኪናውን የፋብሪካ መጽሐፍ ተመልከቱ። ለማነጻጸር ያህል የአሜሪካ ደንብ 20 ኢንች ስፋት ያለው መሪ በኃይድሮሊክ የሚሠራ ከሆነ፣ የፊት ጎማው ሳይንቀሳቀስ የመሪው ዳር ከ133 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ይከለክላል። ያ እንግዲህ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ እዚያ እስኪደርስ አይጠበቅም። የመንገድ ላይ ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ ቦል ጆይንቱ በእጅ ሲገፋ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ መኪናውን እዚያው ያቆሙታል።

2. ኪንግ ፒን ግን በተቃራኒው ጎማው ተነስቶ ነው የሚታየው። ከጎማው ሥር ረጅም ብረት አስገብታችሁ ወደ ላይ አንሱት፤ ከዚያ ላይና ታቹን ይዛችሁ ወዝውዙት። ሲወዛወዝ ካያችሁ ወዲያው ኪንግ ፒን ነው አትበሉ። ረዳቱ ፍሬን ይርገጥና ድገሙት። ፍሬን ሲረገጥ ልልነቱ ከጠፋ የሞዞው ኩሽኔታ ነው የላላው። ካልጠፋ ኪንግ ፒኑና ቦኮላው ናቸው። ይህን የሁለት ደቂቃ ፍተሻ ዘልለው ስንቱን ደህና ኪንግ ፒን አስወጥተው ያስጥሉታል።

3. የመሪ ዕቃ አይበየድም። ኳሱም፣ ኩባያውም፣ ክንዱም፣ ታይሮዱም አይበየድም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል።

ቪዲዮውን የሠራው ልጅ እጁ የሠለጠነ በያጅ ነው። ብየዳው ያምራል። ግን ብየዳው ማማሩ ምንም አይለውጥም። ኩባያው በፎርጅ የተቀጠቀጠ ብረት ነው። ኳሱና አንገቱ ደግሞ በሙቀት ጠንክሮ፣ ከዚያ በልክ ተለዝቦ፣ እንዲጠነክርም እንዳይሰበርም ተደርጎ የተሠራ ቅይጥ ነው። ያንን ልክ ፋብሪካው በምድጃ ያገኘዋል፤ እናንተ በኤሌክትሮድ ታጠፉታላችሁ። ብየዳው ያረፈበት ቦታ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ፣ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን በፍጥነት ስለሚስበው ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ ያለው መስመር እንደ ብርጭቆ ይደርቃል። የደረቀ ብረት በየጉድጓዱ ሲመታ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁም የሚነሳው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከዚያው ጠርዝ ነው። ቀለም ሲቀባበት ደግሞ የምናይበትን ብቸኛ ዕድል ይዘጋብናል።

ውስጡስ? በብዙዎቹ ዘመናዊ ቦል ጆይንቶች ውስጥ ኳሱ የሚያርፈው በፕላስቲክ ላይ ነው። ይህ ፕላስቲክ 170 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። የብየዳ እሳት የሺዎች ዲግሪ ነው። ግሪሱ ይቃጠላል፣ የአቧራ መከላከያው ላስቲክ ይነዳል፣ ከሥር የሚደግፈው ስፕሪንግ ካለም ጉልበቱን ያጣል። "ብረት አስገብተንበታል" የሚሉት ለዚህ ነው፤ የቀለጠውን በቆርቆሮ ይተኩታል። ብረት በብረት ላይ ያለ ግሪስ ሲፋተግ ምን እንደሚሆን ማንም መካኒክ ያውቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን ማንም የማይናገረው ነገር ነው። መኪና አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ኳሱ የሚያልቀው ዙሪያውን እኩል ሳይሆን ቀጥታ ሲኬድ በሚሠራበት በኩል ነው፤ ክብነቱን ያጣል። ያንን ያለቀ ኳስ ሞልተው ሲያጠብቁት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ልልነቱ ይጠፋል፣ ሹፌሩም "ጠንከር አለልኝ" ብሎ ያመሰግናል። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ግን ያላለቀው የኳሱ ወገን ኩባያው ውስጥ ይነክሳል። ኳሱ መዞር ሲያቅተው ኃይሉ አንገቱ ላይ ያርፋል፤ አንገቱ ትንሽ በትንሹ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፣ ይታጠፋል። በየመጠምዘዣው፣ በየመጫኛ ጣቢያው፣ በየጋራዡ በር። ያ "ጠንከር አለልኝ" የተባለው ስሜት የአንገቱ ዕድሜ እየተበላ መሆኑን ነው የሚናገረው።

ታይሮድ ሲበጠስ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ይለያያሉ። መሪው አንዱን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ሌላው ወደፈለገው ይሄዳል። ድራግ ሊንክ ከሆነ የተበጠሰው መሪው ጭራሽ ምንም አያዝዝም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ነው የምትጥሉት፤ ፍሬኑ ግሎ፣ ጭነቱ ከኋላ እየገፋ፣ ኩርባው በኩርባ ላይ እየመጣ። እዚያ ላይ ምን ጸሎት ያድናል?

"ፈረንጅ አገርም ይበየዳል" የሚል ኮሜንት አይቻለሁ። ውሸት ነው። እዚያው የጠቀስኩት የአሜሪካ ደንብ የመሪ ቦል ጆይንት በብየዳ የተጠገነ መሆን የለበትም ብሎ በግልጽ ጽፏል። አሜሪካ ትራክ የሚነዳ ወንድም ወይም ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ጠይቁት፤ የተበየደ ታይሮድ ይዞ ፍተሻ ቢገባ መኪናውን ከዚያ ያስነሱለት እንደሆነ ይንገራችሁ።

4. አዲስ ሲገጠም የሾጣጣው ቀዳዳና የሾጣጣው ዘንግ ንጹሕና ደረቅ ይሁኑ፤ ግሪስ አይቀባም። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ አዲስ ጫፍ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ክንዱ ራሱ ይለወጣል። ባለ ጥርሱ ዳዶ በቶርክ ቁልፍ ፋብሪካው ባለው ልክ ይጠብቃል። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ጨምራችሁ አጥብቁ፤ በፍጹም ወደኋላ አትመልሱ። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን። ሚስማር አይደለም፣ ሽቦ አይደለም፣ ከሌላ መኪና የተነቀለ አይደለም። የኮፒሊያ ዋጋ ከአንድ ሻይ አይበልጥም።

ደግሞ የታይሮዱ ጥርስ ቱቦው ውስጥ ለማሰሪያው ተብሎ ከተሰነጠቀው ቦታ አልፎ መግባቱን እዩ። ቶ ኢን ለማስተካከል ብላችሁ በጣም ካወጣችሁት ማሰሪያው ባዶ ቱቦ ነው የሚይዘው።

የመሪ ሳጥኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎንም ተዉአት! ልልነት በመጣ ቁጥር እሷን ማጥበቅ በሽታውን መደበቅ ነው። ታይሮዱ አልቆ ሳለ ሳጥኑን ስታጠብቁ መሪው መሐል ላይ ይነክሳል፣ ከመጠምዘዣ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ ውስጡ ያለው ጥርስ ደግሞ ያልቃል። አንድ ዕቃ ለማትረፍ ሁለት ታበላሻላችሁ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹ ይጠገኑ፤ ሳጥኑ የመጨረሻው ነው፤ እሱም ድራግ ሊንኩ ተፈትቶ በፋብሪካው አሠራር ይስተካከላል።

ኪንግ ፒን ስትለውጡ ፒኑን፣ ቦኮላውንና ክብደት የሚሸከመውን ኩሽኔታ አብራችሁ ለውጡ፣ ሁለቱንም ወገን። አዲስ ፒን በአሮጌ ቦኮላ መክተት፣ ወይም ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ ሥራ አይባልም። ቦኮላው ከገባ በኋላ በሪመር ልኩ ይስተካከላል እንጂ በአሸዋ ወረቀት አይፈገፈግም። ፒኑ እምቢ ብሎ ካስቸገረ ጎማው ሳይፈታ በጋዝ እሳት አታግሉት፤ በሙቀት ጎማ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል። ከዚያ በኋላ ግሪስ! አሮጌው እስኪወጣና አዲሱ በዳር እስኪታይ። ከሚመጣልኝ ያለቀ ኪንግ ፒን አብዛኛው ግሪስ ተጠምቶ ያለቀ ነው።

አሁን ወደ ባለሥልጣኖቹ ልምጣ። ያ መኪና ቦሎ አለው። በዚህ ዓመት ተመርምሯል ማለት ነው። መብራት ታይቷል፣ ጎማ ታይቷል፣ ፍሬን ታይቷል። ሥሩ ገብቶ፣ መሪው እየተወዛወዘ፣ ታይሮዱን በእጁ የዳሰሰ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ብየዳ አያልፍም ነበር። ጉድጓዱ አለ፣ ባትሪው አለ፣ ባለሙያው አለ፤ ታዲያ ለምን አይታይም? አደጋ ሲደርስስ? "ፍሬን በጥሶ" ወይም "ከፍጥነት በላይ" ተብሎ ይጻፋል፤ የተሰበረው ታይሮድ ማንም ሳያገላብጠው ከውራጅ ብረት ጋር ተጭኖ ይሄዳል። ያንን ስብራት አንድ ሰው አንስቶ ቢያይ የዝገት ቀለም ያለውን የቆየ ስንጥቅና የሚያበራውን ትኩስ ስብራት ለይቶ ያውቅ ነበር። ሳይታይ ስለሚቀር ማንም አይማርበትም።

የዕቃ ዋጋስ? ዕቃ ተወዷል፣ አልክድም። ገበያው በተመሳሳይ ካርቶን በታሸገ አስመስሎ በተሠራ ዕቃ ተሞልቷል፤ ሲገባ የሚለካው ሰው ያስፈልጋል። ግን ዋጋ የመሪን ዕቃ መበየጃ ምክንያት አይሆንም። የካቢን ቀለም ይቆይ፣ የወንበር ልብስ ይቆይ፣ ጌጡ ይቆይ።

ባለንብረቶች ሆይ፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው፤ ሹፌሩም መካኒኩም የእናንተን ኪስ አይተው ነው የሚወስኑት። የመሪ ዕቃ ሲለወጥ አሮጌውን አስመጥታችሁ እዩት። አዲሱ የተገጠመበትን ፎቶ ኮፒሊያውና ዳዶው እንዲታይ አድርጋችሁ አስነሱ። "በይደን እንልቀቀው" የሚል ጋራዥ ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሹፌራችሁ "መሪው አላማረኝም፣ አልወርድም" ካላችሁ ደግሞ አትቆጡት፣ ከደመወዙም አትቁረጡ። የዚያን ቀን ጉዞ ሰርዛችሁ አስፈትሹ።

የጋሼን መኪና አልለቀቅኩትም። ባለንብረቱ በስልክ ጮኾብኛል፤ ይጩኽ። አዲሱ ታይሮድ እስኪመጣ ጋራዣችን ውስጥ ይቆማል።