ሰፍነግ፤ በጅቡቲ ባሕር ሥር የሚኖር ልብና አንጎል የሌለው እንስሳ

ለሥራ ጉዳይ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርድ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በመርከቦቹና ወደ አገራችን በሚጫነው ሸቀጥ ላይ ነው። ከውሃው በታች ስላለው ዓለም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከከተማው ፊት ለፊት፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ፣ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ የኮራል ደሴቶች አሉ። በዙሪያቸው ባለው ውሃ ውስጥ አለቱን ሙጭጭ አድርገው ይዘው የሚኖሩ፣ ለተመልካች የባሕር ሣር የሚመስሉ ፍጥረታት ይገኛሉ። እነዚህም ሰፍነጎች ናቸው።

ሰፍነግ የሚለው ቃል ለአማርኛ ተማሪ እንግዳ ቢመስልም ጥንታዊ ነው፤ ሥሩ የግሪክኛው «ስፖንጎስ» ሲሆን፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ቁጥር 48 ላይ ይገኛል። ዛሬ በየወጥ ቤቱ «ስፖንጅ» የምንለው የዕቃ ማጠቢያ ስሙን የወረሰው ከዚሁ ፍጥረት ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው የፋብሪካ ሥራ እንጂ ከባሕር የወጣ አይደለም። እውነተኛው የገላ መታጠቢያ ሰፍነግ የእንስሳው ሥጋ ታጥቦ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ለስላሳ አጽም ነው።

«እንስሳ» ስንል አንባቢ ይገረም ይሆናል፤ ቢገረምም አይፈረድበትም። ሰፍነግ አፍ የለው፣ ሆድ የለው፣ ልብ የለው፣ ነርቭም የለው። ሊቃውንቱ ራሳቸው ዕፅ ነው፣ እንስሳ ነው እያሉ ብዙ ዘመን ተከራክረዋል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሮበርት ግራንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1825 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ሕያው ሰፍነግ በውሃ ውስጥ አኑሮ ሲመለከት፣ ከላይኛው ትልቅ ቀዳዳ ውሃ ሳያቋርጥ ሲፈልቅ አየ። አኗኗሩም በዚህ ተገለጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፍነግ ገላ በብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳ ነው። በውስጡ ባሉት ክፍሎች ግድግዳ ላይ፣ አንገታቸው በኮሌታ የተከበበ፣ አንዳንድ ጅራፍ ያላቸው ሕዋሳት ተሰልፈው ይኖራሉ። ጅራፎቹ ሲወዛወዙ ውሃው በጥቃቅኑ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ኮሌታዎቹም ባክቴሪያውንና ሌላውን ምግብ ያጠምዳሉ፤ የተጣራው ውሃ በላይኛው ቀዳዳ ይወጣል። አንድ ሰፍነግ በቀን የገላውን መጠን ብዙ ሺህ እጥፍ የሚያህል ውሃ ሊያጣራ ይችላል። ገላውን የሚደግፉት እንደ ወገኑ ዓይነት የኖራ ወይም የመስተዋት ባሕርይ ያላቸው ጥቃቅን መርፌዎች፣ ወይም እንደ ገላ መታጠቢያው ለስላሳ ክሮች ናቸው።

በ1907 አሜሪካዊው ሊቅ ሄንሪ ዊልሰን ሕያው ሰፍነግ በቀጭን የሐር ጨርቅ ጨምቆ ሕዋሳቱን በታተናቸው፤ እነርሱ ግን እየተፈላለጉ ተሰባስበው እንደ ገና ሰፍነግ ሆኑ። እንዲህ ያለውን ነገር ላምም ሆነ ዶሮ አትችለውም።

ሰፍነግ ከተተከለበት አይንቀሳቀስም፤ ሲወለድ ግን ይዋኛል። ሽሉ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት ከተንሳፈፈ በኋላ ከአለት ላይ ያርፋል። ስፍራውን በክፉ ቦታ ካደረገ፣ ተነሥቶ የሚሄድበት እግር የለውም።

የቀይ ባሕርን ሰፍነጎች በ1889 በጽሑፍ ካስታወቁት ሊቃውንት አንዱ ስዊሳዊው ኮንራድ ኬለር ነበር። እኒሁ ሰው በ1918 የዳግማዊ ምኒልክን አማካሪ የመሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን የሕይወት ታሪክ ጽፈዋል፤ ኢልግም ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ለተዘረጋው ምድር ባቡር ፈቃድ በ1894 ከንጉሠ ነገሥቱ የተቀበሉት ናቸው። ኬለር ከገለጿቸው ሰፍነጎች መካከል አንዱ ቀይና እንደ ጣት የተዘረጋ ሲሆን፣ ሲጨመቅ የሚያወጣው ፈሳሽ ዓሣን ያባርራል፤ ይገድላልም። መሸሽ የማይችል እንስሳ በመርዝ ራሱን ቢጠብቅ ምን ያስደንቃል?

ከዚህ ኬሚስትነቱ የሰው ልጅ ታላቅ ጥቅም አግኝቷል። ወርነር በርግማን የተባለ ኬሚስት በ1950 ዓመታት መጀመሪያ ከካሪቢያን ባሕር ሰፍነግ ያገኛቸው ያልተለመዱ ውሁዶች ሳይታራቢን ለተባለው መድኃኒት መንገድ ከፈቱ። መድኃኒቱ በ1969 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ዛሬም በላብራቶሪ እየተሠራ የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናትና አዋቂዎች ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች መዝገብ ገብቷል።

ወደብ ለሰፍነግ አመቺ ጎረቤት አይደለም። መርከብ ሲንቀሳቀስና የባሕሩ ወለል ሲቆፈር የሚነሣው ደለል ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ሰፍነጉም ማጣራቱን ይቀንሳል ወይም ያቆማል፤ ደለሉ በቶሎ ካልረጋ ምግብም አየርም አጥቶ ይሞታል።

ከቤተሰቡ ጋር ወደ ደሴቶቹ የሚሻገር አንባቢ ሰፍነጉን በዓይኑ ይመልከት እንጂ በባዶ እጁ አይንካው፤ ልጆችንም ያስጠንቅቅ። እነዚያ የመስተዋት መርፌዎች ከቆዳ ውስጥ ከገቡ ለቀናት ያሳክካሉ።