ዲፕሎማው በእጅ፣ ፈተናው በደጅ

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ይደግሳሉ፤ ፎቶግራፉንም ለአገር ቤት ዘመድ ልከው «ኮሌጅ ገባልን» ይላሉ። ደስታው የተገባ ነው። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ የሚማረው ክፍልፋይና መቶኛ መሆኑን ሲሰሙ ግራ ይጋባሉ። አንዱ አባት ልጁን ሰነፍ ይለዋል፤ ሌላው ኮሌጁን ይጠረጥራል። እኛ ግን የነገሩ ሥር እንዲታወቅ እንወዳለን።

ኮምዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ክፍያው አነስተኛ፣ በሩም ዲፕሎማ ላለው ሁሉ ክፍት በመሆኑ ስደተኛ ቤተሰብን እጅግ ጠቅሟል። ዳሩ ግን ችግሩም ከዚሁ ክፍት በር ጋር የተያያዘ ነው። መርጦ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ያልበቃውን ገና በማመልከቻው ይመልሰዋል፤ ኮምዩኒቲ ኮሌጅ ግን ተቀብሎ ካስገባ በኋላ ይመዝነዋል። ስለዚህ ተማሪው ጉድለቱን የሚያውቀው ከምረቃው በኋላ ነው። ዲፕሎማው የሚመሰክረው የታዘዘለትን ትምህርት ማለፉን እንጂ ለኮሌጅ ሒሳብ መድረሱን አይደለም። በመጨረሻው ዓመት ሒሳብ ሳይወስድ የከረመ ልጅ ደግሞ የተማረውንም ረስቶ ይገኛል።

ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣ ሪሜዲያል ወደሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ይላካል። ገንዘብ ይከፈልበታል፤ ለዲግሪ ግን አይቆጠርም። ፔል ግራንት የሚባለውንም የመንግሥት ርዳታ ይበላል፤ ርዳታው ደግሞ በዕድሜ ዘመን ከ12 ሴሚስተር አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2003–04 በመንግሥት የሁለት ዓመት ኮሌጆች ከጀመሩት ተማሪዎች 68 በመቶው ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ትምህርት እንደወሰዱ የአገሪቱ የትምህርት ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አስታውቋል። እንግዲህ ይህ የሐበሻ ልጅ ብቻ ችግር አይደለም።

ጉዳቱ ከደረጃዎቹ ብዛት ይመጣል። ለምሳሌ ያህል ሦስት ደረጃ ቢኖርና በያንዳንዱ ከመቶ 70 ቢያልፉ፣ መጨረሻ የሚደርሱት 34 ብቻ ናቸው። ብዙዎች የሚቀሩት ወድቀው ሳይሆን ሥራ ይዘው ወይም ተሰላችተው ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የምደባ ፈተናው በሒሳብ ከአራት ተፈታኞች አንዱን፣ በእንግሊዝኛ ከሦስት አንዱን ክፉኛ ያለ ቦታው ይመድብ ነበር። ከዚህም የተነሣ ሕጉ በየግዛቱ ተለወጠ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሌጆቿ የሁለተኛ ደረጃ ውጤትን እንዲመለከቱ አዘዘች፤ ተማሪው በቀጥታ የኮሌጁን ኮርስ ጀምሮ ጎን ለጎን እንዲታገዝም መንገድ ተከፈተ። ሌላው ግዛት ሌላ ሥርዓት አለውና ሰው በሰማው ብቻ አይመራ።

የአገር ቤት የፕሮጀክት ሠራተኞች ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ብዙ ተማሪዎች ወደ ሪሜዲያል ሲገቡ አይተዋል። ልዩነቱ በኢትዮጵያ ጉድለቱ በአገር ፊት መገለጡ ነው፤ በአሜሪካ ግን ልጁ በአንድ የኮሌጅ ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ብቻውን ይሰማዋል፤ አፍሮም ለወላጁ ላይናገር ይችላል።

በብዙ ኮሌጆች የሚሰጠው ፈተና አኪዩፕሌሰር ይባላል። የጊዜ ገደብ የለውም፤ ልጆቻችን ግን እንደ ውድድር ቸኩለው ሲወጡ እናያለን። የራስን የሒሳብ መኪና ማስገባት አይፈቀድም፤ ስለዚህ በስልክ ማስላት የለመደ እጅ በእርሳስ መለማመድ አለበት። በየማኅበሩ ያሉ መሐንዲሶችና የሒሳብ ሠራተኞች በሳምንት አንድ ምሽት ቢሰጡ፣ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ እንጂ ከምረቃው ድግስ በኋላ አይሁን። ልጁም ሊመዘገብ ሲሄድ የሁለተኛ ደረጃ ውጤቱን ይያዝ፤ ለፈተናው ከመቀመጡም በፊት በዚያ ውጤት ያለ ፈተና የሚገባበት ኮርስ እንዳለ አማካሪውን ይጠይቅ።