ስቅታ ከወዴት ይመጣል?



አንድ ልጅ በክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ድንገት «ስቅ!» ይለዋል። ጓደኞቹም ዞር ብለው ያዩታል። ጥቂት ቈይቶ ደግሞ «ስቅ!» ይለዋል። በዚህ ጊዜ ከወደ ኋላ አንዱ ተነሥቶ «ምን ሰርቀህ በላህ?» ሲለው ክፍሉ በሙሉ ይሥቃል። ምስኪኑ ልጅ አንዳች ሳይነካ እንደ ሌባ አንገቱን ይደፋል፤ አፉንም በእጁ ይይዛል። ስቅታው ግን አይሰማውም፤ እንዲያውም ብሶበት ይወጣል።

ስቅታን ስርቅታ የሚሉም ሰዎች አሉ። ከስርቆት ጋራ የሚያዛምደው ግን የቃሉ ድምፅ ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ደረታችንንና ሆዳችንን የሚለይ ሥሥና ሰፊ ጡንቻ በውስጣችን አለ። ሐኪሞች ዲያፍራም ይሉታል። ቅርጹ ምጣድ ላይ እንደ ተደፋ አክንባሎ ጕብጥ ያለ ነው። አየር ስንስብ ይህ ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሳምባችንም እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይሞላል። ጡንቻው ሲላላ ወደ ላይ ይመለሳል፤ አየሩም ይወጣል። ተኝተን ሳለን እንኳ ሥራውን አያቋርጥም።

ለዚህ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርስለት ነርቭ የሚባል ቀጭን የመልእክት መንገድ ነው፤ ከአንገት ተነሥቶ በልብ አጠገብ ዐልፎ ይወርዳል። እንግዲህ በችኰላ ስንበላ፥ ሆዳችን ሲነፋ፥ ለስላሳ መጠጥ ስናበዛ፥ ወይም ከልክ በላይ ስንሥቅ መልእክቱ ይታወካል። ጡንቻውም ያለ ጊዜው በድንገት ይኰማተራል፤ አየር ወደ ውስጥ ይሮጣል። ወዲያውም አንድ ሰከንድ ከሃያ ቢከፈል ከአንዱ እጅ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በጉሮሮ ያሉት የድምፅ አውታሮች ጥርቅም ብለው ይዘጋሉ። ነፋስ ገፍቶ የዘጋው በር እንደሚጮኽ ሁሉ፥ «ስቅ» የሚለውም የዚያ በር ድምፅ ነው። ትእዛዙ ከፈቃዳችን የመጣ አይደለምና በፈቃዳችን ልናስቀረው አንችልም።

ሳል ጉሮሮን ይጠርጋል፤ ማስነጠስም አፍንጫን ያጸዳል። የስቅታ ጥቅም ምን እንደ ሆነ ግን ሊቃውንት ገና አልተስማሙበትም። በ2019 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በለንደን የተደረገ ምርመራ፥ አራስ ሕፃን ስቅ ባለው ቍጥር በአንጐሉ ውስጥ ምልክት እንደሚታይ አሳይቷል። መርማሪዎቹም ሕፃኑ የመተንፈሻ ጡንቻውን መግዛት የሚማረው በዚህ ይሆናል ብለው ገምተዋል። ሕፃን ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ስቅ ይለዋል፤ እናቲቱም ይሰማታል። እርሱ ደግሞ ከማን ሰረቀ ሊባል ነው?

ስቅ ሲላችሁ ውሃ ቀስ እያላችሁ ተጐንጩ፤ ወይም ትንፋሻችሁን ለጥቂት ጊዜ ያዙ። ትንፋሽ ሲያዝ የተቃጠለው አየር በደም ውስጥ ስለሚበዛ ስቅታው ብዙ ጊዜ ይበርዳል። ጓደኛን በድንገት ማስደንገጥ ግን እኔ አልወደውም፤ ውሃ በአፉ ይዞ እንደ ሆነ ትን ሊለው ይችላል። የሌላውንም ልጅ አፍና አፍንጫ ማፈን ከቶ አይገባም። ደግሞም ምግብ በጉሮሮው ተቀርቅሮ መናገርና መሳል ያቃተው ልጅ ብታዩ ያ ስቅታ አይደለም፤ ሳትዘገዩ ትልቅ ሰው ጥሩ።

ስቅታ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ሆኖም በአሜሪካ አገር አይዎዋ በምትባል ግዛት ይኖር የነበረው ቻርልስ ኦዝበርን በ1922 የጀመረው ስቅታ የተወው በ1990 ነው፤ 68 ዓመት መሆኑ ነው! በዚህ ሁሉ ጊዜ ትዳር ይዟል፥ ልጆችም ወልዷል። እንደ እርሱ ያለ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ስቅታው ከሁለት ቀን በላይ የቈየበት ሰው ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።