መጋቢት 8 በደብሊን ማጀት

የአየርላንዶች ቅዱስ ፓትሪክ የሚከበረው መጋቢት 8 ስለሆነ ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ካቶሊኮቹም ያኔ ጾም ላይ ናቸው፤ በልማዳቸው ግን ለዚያች ቀን ጾሙን ይተዉታል። የደብሊን ጎረቤቶቼ በጨው የታሸ የአሳማ ሥጋ ከጥቅል ጎመን ጋር ይቀቅላሉ። አሜሪካ ውስጥ በምትኩ የሚቀርበው የበሬ ሥጋ እዚያ የሄዱት ስደተኞች የጀመሩት ልማድ ነው።

እኔ ከገበታቸው አብልጬ የምወደው ሶዳ ዳቦውን ነው። እርሾ የለው፣ ማቡካት የለው! 450 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጨው፣ ከዚያ አሬራ። የአሬራው ኮምጣጣነት ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል፤ ዳቦውን የሚነፋው እሱ ነው። ስለዚህ ሊጡን ብዙ ማሸት አያስፈልግም። እንደተለወሰ አድቦልቡሎ፣ አናቱን በቢላ በመስቀል ቅርጽ ሰንጥቆ ቶሎ ምድጃ ውስጥ መክተት ነው። በ200 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ሥሩን ሲያንኳኩት ባዶ ዕቃ የተመታ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ በስሏል። እኛ ስለምንጾም በአሬራው ፋንታ ሎሚ የተጨመቀበት የአኩሪ አተር ወተት አደርጋለሁ፤ ደህና አድርጎ ይነፋል።

ድንችና ጎመን ተደባልቆ የሚፈጭበትን ኮልካነን ግን በዘይት አትሞክሩት። ያለ ቅቤና ወተት ለዛ የለውም፤ ለፋሲካ አቆዩት።